ለመጀመሪያዋ ካማሮ፦ ባሌስትራ ወይስ ባለ አራት ክንድ ሞላ?

እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 የተሠራችው ሼቭሮሌት ካማሮ የኋላ አክስሏ ያረፈው በባሌስትራ (በረዣዥም የብረት ቅጠሎች) ላይ ነው። የ1967ቶቹ በየጎኑ አንድ ቅጠል ብቻ ስለነበራቸው፣ ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ ባሌስትራው ይጣመማል፤ አክስሉም ይዘላል። ፋብሪካው በ1968 አንዱን ሾክ አብሶርበር ከአክስሉ ፊት፣ ሌላውን ከኋላው በማሰር ችግሩን አቃለለው። ዛሬ ባለቤቱ ወይ አዲስ ባሌስትራ ይገጥማል፣ ወይ በባለ አራት ክንድ ሞላ ይተካዋል፤ በዚህኛው አክስሉን አራት የብረት ክንዶች ይይዙታል፣ ክብደቱን ደግሞ ጥምዝ ሞላ ይሸከማል።

ዋጋ፦ ባለ ብዙ ቅጠል አዲስ ባሌስትራ በመቶዎች ዶላር ይገኛል። ባለ አራት ክንዱ ሺዎችን ይጠይቃል።

ሥራ፦ ባሌስትራው በቀድሞው ቦታ በቡሎን ይታሰራል፤ በቤት ጋራዥም ይቻላል። የአራት ክንዱ መያዣዎች ግን ብዙውን ጊዜ አክስሉ ላይ ይበየዳሉ፤ አንዳንዱ ወለል ያስቆርጣል። ትልቁ አደጋ እዚህ ነው። የአክስል ቱቦ በብየዳ ሙቀት ይጎብጣል፤ በአጭር በአጭሩ፣ እያቀዘቀዙ መበየድ ግድ ነው። አክስሉ ከካርዳኑ (የሞተሩን ኃይል ወደ ኋላ ከሚያደርሰው ዘንግ) ጋር ያለው ማዕዘን ከተዛባም መኪናዋ በፍጥነት ስትነዳ ትንቀጠቀጣለች። ብየዳውን ለሠለጠነ እጅ ስጡ እላለሁ።

አነዳድ፦ ባሌስትራ ክብደቱንም ይሸከማል፣ አክስሉንም ይመራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማሳመር ከባድ ነው። በባለ አራት ክንዱ ግን ክንዶቹ ይመራሉ፣ ሞላው ይሸከማል፤ ከፍታውም ቀለበት በማዞር ይስተካከላል።

መኪናዋ የፋብሪካ መልኳን ጠብቃ ለመልክ ውድድር የምትቀርብ ወይም ለእሑድ ሽርሽር የምትወጣ ከሆነች ባሌስትራው ይበቃታል። ብርቱ ሞተርና ሰፊ ጎማ ተገጥሞላት ጠመዝማዛ መንገድ የምትሮጥ ከሆነች አራቱ ክንዶች ወጪያቸውን ይመልሳሉ።