መጀመሪያ የፖስታውን ቀን የጠየቁኝ ሰው

ይህን የምጽፈው እዚህ አሜሪካ በፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ለምትሠሩ ወገኖቼ ነው፤ በተለይም አድልዎ ተፈጽሞብኛል ብላችሁ አመልክታችሁ «አልተፈጸመም» የሚል ወፍራም ደብዳቤ ለደረሳችሁ። ብዙ ዘገየሁ። በይግባኜ የረዱኝ ጋሼ ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ አስምለውኛል፤ ስም የሌለው ምስጋና እንዴት ይጻፋል እያልኩ ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዲት እህት ደውላ ስታለቅስ ሰማኋት። ታሪኳ የእኔው ነው፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ብቻ ይለያል። እንግዲህ መሐላዬን ሳላፈርስ የምችለውን ልናገር።

ዘጠኝ ዓመት በሠራሁበት ክፍል የደረጃ እድገት ወጣና ተወዳደርኩ። በዚያ ቦታ ላይ ለስምንት ወር በተጠባባቂነት የሠራሁት እኔ ነበርኩ። ያገኘው ግን ሥራውን ራሴ ያስተማርኩት ልጅ ሆነ። ልጁ ምንም አላጠፋም፣ ሰላምታችን እስከ ዛሬ እንደነበረ ነው። ያሳመመኝ አለቃዬን ምክንያቱን ስጠይቃት የሰጠችኝ መልስ ነው። ጎበዝ ነሽ፣ ነገር ግን አነጋገርሽ ለዚህ ቦታ አይሆንም፣ ሰው ይቸገራል አለችኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በስልክ ሕዝብ ሳስተናግድ የተቸገረ ሰው አልነበረም፤ የተቸገረው ደረጃዬ ከፍ ሊል ሲል ነው።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ነገሩ ከተፈጸመ በ45 ቀን ውስጥ የአድልዎ አቤቱታ መጀመሪያ የምትሰማውን የመሥሪያ ቤቱን የእኩል ዕድል አማካሪ ካላነጋገርሽ በሩ ይዘጋብሻል» ባትለኝ ኖሮ ገና በመጀመሪያው ደረጃ እወድቅ ነበር። የደረስኩት በ41ኛው ቀን ነው። እግዜር ይስጣት።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ባልዘረዝረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ካልተናገርኩት ግን ምስጋናዬ አይገባችሁም። መጀመሪያ የያዝኩት ጠበቃ የመስታወት ጠረጴዛ ያለው፣ እጅ ሲጨብጥ የሚያም ሰው ነበር። ቅድሚያ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ተቀበለኝ። ምርመራው አልቆ ከሦስት መቶ ገጽ በላይ ያለው መዝገብ ሲደርሰኝ፣ አብሮት በ30 ቀን ውስጥ አንዱን ምረጪ የሚል ደብዳቤ ነበር፦ ወይ በእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽኑ (EEOC፣ የሥራ አድልዎ አቤቱታ የሚመለከተው የፌዴራል አካል) የአስተዳደር ዳኛ ፊት መሰማት፣ ወይ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንዲወስን መጠየቅ። ወዲያው ላክሁለት። «ተረጋጊ፣ በእጄ ነው» አለኝ። ሠላሳው ቀን አለፈ። በእጁ የነበረው ገንዘቤ ብቻ ነበር።

ዳኛ ሳይሰማኝ ቀረና መሥሪያ ቤቱ በራሱ ላይ ውሳኔ ጻፈ። ተከሳሹም እሱ፣ ፈራጁም እሱ። አድልዎ አልተገኘም ተባለ። ምን ይባል ብላችሁ ጠብቃችሁ ነበር?

ወደ ሌላ ቢሮ ሄድኩ። እዚያ ደግሞ ነገሩ አልቆለታል፣ የቀረሽ ፍርድ ቤት ብቻ ነው ብለው ስንት እንደሚያስከፍሉኝ ነገሩኝ። የሦስተኛው ይባስ። የግል ድርጅት ሠራተኛ አቤቱታ የሚሄድበት መንገድና የፌዴራል ሠራተኛው መንገድ የተለያየ መሆኑን እንኳን የማያውቅ ሰው ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት የጨረስኩትን ነገር ከመጀመሪያው ሊያስጀምረኝ ቅጽ አውጥቶ ስሜን መጻፍ ጀመረ። እኔም አላወቅሁም። ቀኑ እየነጎደ ነው፤ እኔ ቁጭ ብዬ ስሜን እያስተካከልኩለት ነው።

ከጋሼ ጋር ያገናኘን ለቅሶ ቤት ነው። ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ፊቴን አይተው ምን ሆነሻል አሉኝ፤ ነገርኳቸው፤ በማግሥቱ መዝገቤን በፌስታል ይዤ የጋሼን በር አንኳኳሁ። ገና እንደተቀመጥኩ አለቀስኩ። አላቋረጡኝም፣ አይዞሽም አላሉኝም። ባለቤታቸው ሻይ አስቀመጡልኝና ወጡ። ስጨርስ ጋሼ መነጽራቸውን አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ይህ ውሳኔ እጅሽ የገባው በየትኛው ቀን ነው? ፖስታውን አልጣልሽውም?»

አልጣልኩትም ነበር። የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርደው በጣታቸው ቆጠሩ። ከደረሰኝ 19 ቀን ሆኖታል፤ ለኮሚሽኑ ይግባኝ ማለቻው ጊዜ ደግሞ 30 ቀን ነው።

«አሥራ አንድ ቀን አለን» አሉ።

«አለን» ነው ያሉት፤ «አለሽ» አላሉም። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ብሎ የተናገረኝ ሰው አልነበረም። እስከ ዛሬ የማልረሳው ይህንን ነው።

ቀጥለው የተናገሩት ደግሞ ያስገርማችኋል። «ጠበቃ አይደለሁም» አሉ። ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ለረጅም ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲይዙ ኖረዋል። ሕጉ አቤት ባዩ የፈለገውን ተወካይ እንዲመርጥ ይፈቅዳል። «ነገር ግን እወቂው፤ ጠበቃ ይዘሽ ብትረቺ ወጪውን መሥሪያ ቤቱ እንዲተካልሽ ሊታዘዝ ይችላል። የእኔን የሚተካልሽ የለም። ፍርድ ቤት ከደረሰም እኔ አልቆምልሽም። ደግሞም ከሚረታው የሚሸነፈው ይበዛል። ሄደሽ አስቢበት» አሉኝ። ገበያውን በገዛ አፉ የሚያበላሽ ነጋዴ አይቼ አላውቅም። እዚያው ተቀምጬ አሰብኩበት።

በዚያው ምሽት ይግባኙን በኮሚሽኑ የኢንተርኔት መግቢያ አስገባን፣ ለመሥሪያ ቤቱም ግልባጩን ላክን። እኔ ክርክሩን በሙሉ በአሥራ አንድ ቀን ጽፈን የምንጨርስ መስሎኝ ልቤ ቆሞ ነበር። ለካ ይግባኝ ማለታችንን የሚገልጸው ማስታወቂያ ይቀድማል፤ ዝርዝሩን ለመጻፍ ይግባኙ ከገባበት ቀን ጀምሮ ሌላ 30 ቀን አለ። ይህን ያልነገረኝ ጠበቃ ስንት እንደተከፈለው ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንድ ባልደረባዬ በኋላ የጻፈልኝ ጥሩ የምስክርነት ደብዳቤ ነበረኝ፤ ይጨምሩልኝ ብዬ ሰጠኋቸው። አንብበው አጥፈው መለሱልኝ። በይግባኝ ላይ አዲስ ማስረጃ፣ በምርመራው ጊዜ ሊገኝ ያልቻለ መሆኑን ካላሳየን በቀር፣ አይቀበሉንም አሉ። «ያለን ይህ መዝገብ ነው። ያለውን እናንብብ።» እናንብብ ማለታቸውም የእውነት ማንበብ ነው። ማስመሪያና ቀይ እርሳስ ይዘው፣ መስመር በመስመር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ።

አንድ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። «ልጄ፣ መዝገቡን አምጪና ገጽ 87ን ክፈቺ» አሉ። አለቃዬ ለአማካሪዋ የሰጠችው ቃል ነው፦ ሌላው ተወዳዳሪ በቃለ መጠይቁ በልጧል ትላለች። «አሁን 212ን።» በመሐላ ለመርማሪው የሰጠችው ቃል ነው፦ እዚህ ላይ ምክንያቱ የሥራ ልምድ ሆኗል። «አሁን ደግሞ 260።» የቃለ መጠይቁ ኮሚቴ አባል በእጁ የጫረው ማስታወሻ፦ «አክሰንት ከባድ»። ከዚያ የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬን አስከፈቱኝ። በተግባቦት ከፍተኛው ነጥብ፣ ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ከሥሩ የራሷ የአለቃዬ ፊርማ። ይህ ሁሉ ወረቀት ያን ሁሉ ጊዜ በቤቴ መደርደሪያ ላይ ነበር። ሦስት ባለሙያ ነን ባዮችም አገላብጠውታል፤ ወይም አገላብጠነዋል ብለው አስከፍለውኛል።

የሕጉን ቃል በእንግሊዝኛ ነግረውኝ ነበር፣ አልያዝኩትም። የገባኝ ይህን ያህል ነው፦ አሠሪ የሚሰጠው ምክንያት በየጊዜው ከተቀያየረ ሽፋን ነው ሊባል ይችላል፤ የሰው አነጋገር ለመከልከያ የሚሆነውም ሥራውን በእርግጥ ሲያውክ ብቻ ነው። ዳኛ ስላልሰማኝ ደግሞ ኮሚሽኑ የመሥሪያ ቤቱን ድምዳሜ ሳይከተል መዝገቡን እንደ አዲስ ይመረምራል። ያኔ «እንኳን ችሎቱ ቀረ ልበል?» ብዬ ብቀልድ ተቆጡኝ። «ምስክር ፊት ለፊት ቢጠየቅ ይሻልሽ ነበር። ያጣሽውን አታሞግሺ።»

እኔ የጻፍኩት 14 ገጽ ነበር። ስድስት አደረጉት። ስለ አለቃዬ ጠባይ የጻፍኩትን በሙሉ ሰረዙ፤ ስለ ልጁ አንዲት ክፉ ቃል ነበረችበት፣ እሷን ሲሰርዙ ዝም ብለው አዩኝ። አፈርኩ።

መጠበቁ ረጅም ነበር፣ ከዓመት አለፈ። በመካከሉ አንድ ጠዋት ደውለው «ዛሬ 181ኛው ቀን ነው» አሉኝ። ለካ ይግባኙ ከገባ 180 ቀን ሞልቶት ውሳኔ ካልመጣ ሠራተኛው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል፤ ከሄደ ግን ኮሚሽኑ ይግባኙን መመልከቱን ያቆማል። ይህን ቀን በቀን መቁጠሪያቸው ላይ አክብበው ይዘውልኝ ኖረዋል። እጠብቃለሁ አልኳቸው።

ውሳኔው መጣ። የመሥሪያ ቤቱ ተሻረ። እድገቱ ቦታው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ እንዲታሰብልኝ፣ ውዝፍ ደመወዜ ከነወለዱ እንዲከፈለኝ፣ አለቃዬ ሥልጠና እንድትወስድ ታዘዘ። ጋሼ ግን መሥሪያ ቤቱ እንደገና ይታይልኝ ለማለት 30 ቀን ስላለው ድግሱን አቆይው አሉኝ። አቆየሁት። መሥሪያ ቤቱም ዝም አለ።

ከገንዘቡ ይልቅ ልቤን የሞላው ማስታወቂያው ነው። ሕግ መጣሱን የሚገልጽ ወረቀት ለ60 ተከታታይ ቀናት በሠራተኞች ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ታዝዞ ነበር። ውኃ ልቀዳ ነው እያልኩ በቀን አምስት ጊዜ በፊቱ አልፍ ነበር። ያን ያህል ውኃ ጠጥቼ አላውቅም።

እባካችሁ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያላችሁ እኒህን ሰው አነጋግሩ። በውስጥ መልእክት ጻፉልኝ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ክፍያቸው ትንሽ ነው፣ እሱንም መዝገቡን ሳያዩ አይቀበሉም። ጉዳያችሁ የማያዋጣ ከሆነ ፊት ለፊት ይነግሯችኋል፤ አንድ ወዳጄን «ይህ አድልዎ አይደለም፣ ከአለቃህ ጋር አለመስማማት ነው» ብለው ሻይ አጠጥተው መልሰውታል። እሱም ተቀይሞ ወር ሳይሞላው ወንድሙን ላከላቸው። እስክታገኟቸው ድረስ ግን ፖስታውን አትጣሉ። ደግሜ ልበለው፣ ፖስታውን አትጣሉ።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ኮሚሽኑ ውሳኔውን ለሕዝብ ሲያወጣ የአቤት ባዩ ስም እንዳይታወቅ በዘፈቀደ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ለእኔ የደረሰኝ ጨርሶ የማይመስለኝ የፈረንጅ ሴት ስም ነው። ጋሼ ያን ቀን አንብበውት እስኪያስላቸው ሳቁ፤ እስከ ዛሬም ሲደውሉልኝ «ወይዘሮ» ብለው የሚጠሩኝ በዚያው ስም ነው። እኔም ይኸው የእሳቸውን ሳልጽፍ ጨረስኩ፤ ተካክሰናል።