ሊኑክስ ሚንት በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፤ በኢንቴል በኩልም ከጥቂቶች በስተቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ ፕሮሰሰር አይቀበልም። በዚህ ምክንያት ጉልበት ያላነሳቸው ብዙ ላፕቶፖች ያለ ጊዜያቸው ጡረታ ወጥተዋል። እዚህ የምገመግመው ከእነዚህ አንዱን ነው፦ ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ5፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ፣ ሊኑክስ ሚንት 22 (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነጻ ሥርዓተ ክወና) ከሲናሞን ዴስክቶፕ (ሜኑውንና መስኮቶቹን ከሚያሳየው ገጽታ) ጋር። ሥራው በየቀኑ ጽሑፍ፣ ኢንተርኔት፣ ቪዲዮና የሒሳብ ሠንጠረዥ ነው።

ስለ ሊኑክስ ሲወራ ሁሉም የሚያተኩረው አጫጫኑ ላይ ነው። ከወራት አገልግሎት በኋላ የምለው ግን ሌላ ነው፦ መጫኑ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ሰውን አማርሮ ወደ ዊንዶውስ የሚመልሰው ቆይቶ የሚመጣው ነው። የዲስክ መሙላት፣ የፎንት መዛባት፣ የባትሪ ቶሎ ማለቅ። ሦስቱም ምክንያታቸው የታወቀ ነው፤ ሦስቱንም አስቀድሞ መከላከል ይቻላል።

መጫኑን ባጭሩ ልለፈው። ሚንትን ለመጻፍ 8 ጊጋ ፍላሽ ይበቃል። ላፕቶፑ ከፍላሹ ከተነሣ በኋላ ወዲያው «ኢንስቶል» ከማለት በፊት ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ የስክሪን ብርሃኑን ይሞክሩ፤ ክዳኑን ዘግተው ከፍተው ከእንቅልፉ በትክክል መነሣቱን ይዩ። እዚህ ላይ የሠራ ከተጫነ በኋላም ይሠራል። ዋይፋዩ ካልታየ ብዙ ጊዜ ብሮድኮም ቺፕ ስለሆነ ነው። ስልክዎን በዩኤስቢ ሰክተው ኢንተርኔት ያጋሩት፣ ከዚያ ከ«ድራይቨር ማናጀር» ድራይቨሩን ያውርዱ። ኢንስቶለሩ ዲስኩን ጭራሽ ካላየው ባዮስ ውስጥ (ላፕቶፑ ሲነሣ በሚገባበት የማሽኑ ማስተካከያ) የሳታ፣ ማለትም የዲስክ ማገናኛው፣ ሞዱ «ሬይድ» ወይም «አርኤስቲ» ላይ ነው ማለት ነው፤ «ኤኤችሲአይ» ያድርጉት። ዊንዶውስን ጎን ለጎን የሚያቆይ ሰው ግን ይህን ዝም ብሎ መቀየር የለበትም፣ ዊንዶውሱ አልነሣም ሊል ይችላል። የቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መመስጠሪያ) መክፈቻ ቁጥሩንም አስቀድሞ ሌላ ቦታ ይጻፍ፤ «ፋስት ስታርትአፕ» የሚባለውንም ያጥፋ። እሱ ካልጠፋ ዊንዶውስ ተዘጋ ሲባል በትክክል አይዘጋም፤ ሊኑክስም የዊንዶውሱን ክፍል ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም።

ፍጥነቱ አያከራክርም። ሲናሞን ተነሥቶ ሲያበቃ ከ1 ጊጋ ትንሽ ዘለል ያለ ራም ይይዛል፣ የቀረው ለብራውዘር ነው። 4 ጊጋ ራም ብቻ ያለው ሰው ኤክስኤፍሲኢ የሚባለውን ቀለል ያለ ዴስክቶፕ የያዘውን እትም ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ሆኖም ልዩነቱ ጥቂት ነው፣ ማሽኑን የሚያጨናንቀው ዴስክቶፑ ሳይሆን የተከፈተው ታብ ብዛት ነው። በአሮጌው በሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ላይ የሚጭን ሰው ግን ከሊኑክስ ተአምር አይጠብቅ። መጀመሪያ ኤስኤስዲ ይግባለት።

አሁን ወደ አማርኛው፣ ለእኛ ዋናው ፈተና እሱ ነውና። አማርኛ ማንበብ ከመጀመሪያው ቀን ይሠራል፤ ለመጻፍ ግን ትንሽ ዝግጅት ይፈልጋል። ከ«ሶፍትዌር ማናጀር» «አይባስ ኤም17ኤን» የሚለውን የመጻፊያ ፕሮግራም ይጫኑ። ከሜኑው «ኢንፑት ሜተድ» ገብተው አይባስን ይምረጡ። ከዚያ ሎግ አውት አድርገው ይመለሱ፤ ይህን ሳያደርጉ መቀጠል ነው «አልሠራም» የሚያሰኘው። ሲመለሱ በአይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን፣ ከሥሩም «ሴራ» የሚለውን ይጨምሩ። አጻጻፉ በላቲን ፊደል ድምፁን እየተከተሉ ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያያል፦ ትንሹ ቲ «ት»ን ይሰጣል፣ ትልቁ ቲ «ጥ»ን፤ ትንሹ ሲ «ች»ን፣ ትልቁ «ጭ»ን። ስለዚህ ጽሑፉ በድንገት ትርጉም የለሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው ካፕስ ሎክ ነው። በፍላትፓክ (ከሚንት ማከማቻ ውጭ ባለ የመጫኛ መንገድ) የተጫነ አንዳንድ ፕሮግራም አይባስን ላይቀበል ይችላል፤ ያንኑ ፕሮግራም ከሚንት ከራሱ ማከማቻ መጫን አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል።

ፎንቱ ላይ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉ፣ ሰዎች ይቀላቅሏቸዋል። የመጀመሪያው ዊንዶውስ ላይ በ«ኒያላ» የተጻፈ ሰነድ ነው። ፎንቱ ሚንት ላይ ስለሌለ ሊብሬኦፊስ (የሚንቱ የጽሑፍና የሠንጠረዥ ፕሮግራም) በሌላ ይተካዋል፤ ፊደሉ ይነበባል፣ ግን ስፋቱ ስለሚለያይ መስመሮች ይገፋፋሉ፣ ሠንጠረዥ ከገጹ ይወጣል፣ የፊርማው ቦታ ወደሚቀጥለው ገጽ ይወርዳል። መፍትሔው ከሁለቱም ወገን አንድ ነጻ ፎንት መጠቀም ነው፤ «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» ሊኑክስ ላይም ዊንዶውስ ላይም በነጻ ይጫናል። የማይታረም ሰነድ ከሆነ በፒዲኤፍ መላክ ነው። ሁለተኛው ከዩኒኮድ (ለሁሉም ፊደል የጋራ የኮድ ሥርዓት) በፊት በነበሩት እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፎንቶች የተጻፈው የቆየ ሰነድ ነው። እሱ ሲከፈት የሚታየው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ያለው በእርግጥም የላቲን ኮድ ነውና። ሊብሬኦፊስን መውቀስ ልክ አይደለም። የዚያኑ ፎንት ፋይል በሆም ፎልደር ውስጥ ባለው ስውር የፎንት ፎልደር ሲያስገቡት ይነበባል፤ ለዘለቄታው ግን ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ነው።

ወደ ዲስኩ ልምጣ። የሥርዓቱን ቅጂ እያነሣ የሚያስቀምጠው ታይምሺፍት ሚንት ካሉት መሣሪያዎች እጅግ የምወደው ነው፤ አፕዴት ሥርዓቱን ቢያበላሽ ወደ ትናንቱ ይመልሳል። የመጀመሪያው ቅጂ ግን የሥርዓቱን ሙሉ መጠን ያህል ይይዛል፤ ተከታዮቹ የተለወጠውን ብቻ ይጨምራሉ። ብዙ ቅጂ እንዲያስቀምጥ ከተተወ 256 ጊጋ ሳይታወቅ ይጠብባል። ሁለት የዕለት፣ ሁለት የሳምንት ቅጂ ይበቃል። ቅጂውን ውጭ ዲስክ ላይ ማድረግ ከተፈለገ ዲስኩ በሊኑክስ ፎርማት፣ ለምሳሌ በኢኤክስቲ4፣ መሆን አለበት። ልብ በሉ፦ ታይምሺፍት ሳይነገረው የግል ፋይሎችን አይቀዳም። ፎቶና ሰነድ የራሱ ባክአፕ ይፈልጋል፤ ይህን ሳያውቁ ተማምነው የሚቀመጡ ብዙ ናቸው።

ዲስኩን በሙሉ አስመስጥረው ለጫኑ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። ማስነሻው ለብቻው ትንሽ ክፍል ላይ ይቀመጣል፤ የድሮ ከርነሎች (የሥርዓቱ እምብርት የቀድሞ ስሪቶች) ሲከማቹ ይሞላና አፕዴቱ መሃል ላይ ይቆማል። «አፕዴት ማናጀር» ውስጥ፣ «አውቶሜሽን» በሚለው ገጽ፣ ያረጁ ከርነሎችን ራሱ እንዲያጠፋ ምልክት ማድረግ ነው። የዛሬውና አንድ የቀድሞው ከቀሩ ይበቃል፤ አዲሱ ከርነል ዋይፋይ ቢያጠፋ፣ ሲነሣ ከ«አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የቀድሞውን መምረጥ ይቻላል።

ባትሪውን የሚጨርሰው በዋናነት ቪዲዮ ነው። ስድስተኛ ትውልድ ኢንቴል ኤች.264 የሚባለውን የቪዲዮ ማመቂያ ዓይነት በግራፊክስ ቺፑ ይፈታል፤ አዲሱን ዓይነት ኤቪ1ን ግን በፕሮሰሰሩ ጉልበት ነው፣ ማራገቢያው የሚጮኸውም ለዚህ ነው። ዩቲዩብ ኤች.264 እንዲልክ የሚያስገድድ የብራውዘር ኤክስቴንሽን ሲጫን ሙቀቱ ወዲያው ይወርዳል፤ ዋጋው ጥራቱ ከ1080 አለመብለጡ ነው፣ የእነዚህ ላፕቶፖች ስክሪን አብዛኛውም ከዚያ አያልፍም። ቲኤልፒ የሚባለው ባትሪ ቆጣቢ ፕሮግራም ጥሩ ነው፤ ቲንክፓድ ያለው ሰው 75 በመቶ ላይ መሙላት እንዲጀምር፣ 80 ላይ እንዲያቆም ያድርገው፣ ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ለሚውል ባትሪ ዕድሜ ነው። ነገር ግን ቲኤልፒ ከሲናሞን የኃይል ሞድ ማስተካከያ ጋር አብሮ አይሄድም፤ አንዱ ብቻ ይኑር።

ፎቶሾፕ እንጀራው የሆነ ሰው አይቀይር። በኤክሴል ማክሮ የሚሠራ የሒሳብ ሠራተኛም እንዲሁ፤ ሊብሬኦፊስ ከማክሮው ከፊሉን ብቻ ነው የሚያስኬደው። ጌም በስቲም (የጌም መደብር) በኩል ብዙው ይሠራል፣ ቫሎራንትና ፎርትናይት ግን በፀረ ማጭበርበሪያቸው ምክንያት አይከፈቱም። ፕሪንተር ከመግዛትዎ በፊት ያለ ድራይቨር በኔትወርክ የሚያትም መሆኑን ይጠይቁ።

ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 የደኅንነት አፕዴት ያገኛል። በመካከል የሚወጡት ንዑስ ስሪቶች ከራሱ ከ«አፕዴት ማናጀር» ይጫናሉ። ከመጫንዎ በፊት የታይምሺፍት ቅጂ ያንሡ፣ ዲስኩ ላይ ቢያንስ 15 ጊጋ ባዶ ቦታ ያስቀሩ፣ ቻርጀሩንም ይሰኩ።