ያዘነበለውን ባሕር ዛፍ በሰላም ላወረዱልን ሠራተኞች ምስጋና፣ ለሚፈልጋቸውም ጥቆማ

አዲስ አበባ ሳሪስ አካባቢ በግቢያችን ጥግ ቆሞ የነበረውን አሮጌ ነጭ ባሕር ዛፍ አንድ ቆርቆሮ ሳያጎብጡ፣ አንድ ሽቦ ሳይበጥሱ ላወረዱልን አራት ሠራተኞች እግዚአብሔር ይስጥልን እንላለን። ዛፉ ወደ 25 ሜትር ይረዝማል፤ ግንዱ በደረት ቁመት ላይ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው። ባዘነበለበት በኩል የጎረቤት ጣሪያና የሮቶ ታንከር፣ በጎኑ ከፖል ወደ ቆጣሪ የሚገባ የመብራት ሽቦ፣ ከኋላው የግንብ አጥር አለ። ሙሉውን ገዝግዞ የሚጥሉበት ቦታ በየትኛውም አቅጣጫ አልነበረም። ሠራተኞቹ ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲለጠፍ ስላልፈለጉ እዚህ አልጻፍነውም፤ በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። አሠራራቸውን ግን በዝርዝር ጽፈነዋል፤ እነሱን ባታገኙ ሌላ ቆራጭ ስትቀጥሩ ምን ማየት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

መጀመሪያ የወደድንላቸው ለግምገማ ሲመጡ መጋዝ አለመያዛቸውን ነው። አለቃቸው መዶሻ፣ ቀጭን ብረትና ሜትር ይዘው መጡና ዛፉን ዙሪያውን አዩት። ያዘነበለ ዛፍ ሁሉ አያሰጋም። ከልጅነቱ ጎብጦ ያደገ ዛፍ አናቱ ተመልሶ ወደ ላይ ይቃናል፣ ሥሩም ጭነቱን ለምዶ ይጠነክራል። የሚያሰጋው በቅርቡ የተጋደመው ነው፤ ግንዱ ቀጥ እንዳለ ያጋድልና ከማዘንበያው በተቃራኒ ወገን አፈሩ ያብጣል ወይም ይሰነጠቃል። የኛው ላይ ስንጥቁ በግልጽ ይታይ ነበር። ምክንያቱንም እዚያው አገኙት፤ ከግንዱ ሜትር ተኩል ርቆ የተቆፈረ የውሃ መስመር ቦይ በአንድ ወገን ያሉትን ሥሮች በልቷቸዋል። የዛፍ ሥር በብዛት የሚሄደው ወደ ጎን፣ ከመሬት ወለል እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ባለው አፈር ውስጥ ስለሆነ ጥልቀት የሌለው ቦይ እንኳ ብዙ ሥር ይወስዳል። ዛፉ በበጋው ምንም ሳይመስል ይቆይና ክረምት ገብቶ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ፣ ነፋስ ሲጨመርበት፣ ከነሥሩ ይነቀላል።

ቀጥለው ግንዱን ከሥር እስከ ደረት በመዶሻ ቀጠቀጡት። ጤነኛ እንጨት ደረቅና አጭር ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ የተበላው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። በቀጭኑ ብረት ግንዱ ላይ የነበረውን ቀዳዳ ለክተው ዙሪያውን የቀረውን ጤነኛ ግድግዳ አሰሉ። በዘርፉ የሚሠራበት ልክ የግንዱ ራዲየስ (የስፋቱ ግማሽ) አንድ ሦስተኛ ነው፤ ለኛ ዛፍ 12 ሳንቲ ሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። የኛው ከዚያ በእጅጉ ስለሚበልጥ ሰው ሊወጣበት ይችላል ብለው ወሰኑ። ባነሰ ኖሮ ቅርጫት ባለው መኪና እንጂ በገመድ አንነካውም አሉ። ይህን ሳይለካ «ነገ ጠዋት እንጀምር» የሚል ቆራጭ ከመጣ ሸኙት።

ብዙ ሰው አናቱን ብቻ አስቆርጦ ይተወዋል። ርካሽ ይመስላል፣ ግን ባሕር ዛፍ ከተቆረጠበት ሥር ወዲያው ያቆጠቁጣል። አዲሶቹ ቅርንጫፎች የሚያያዙት ከግንዱ የላይኛው ንጣፍ ጋር ብቻ ነው፣ ቁርጡ ደግሞ ከውስጥ መበስበስ ይጀምራል። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ከበፊቱ የከበደና የላላ አናት ይኖራችኋል። እነዚህ ሰዎች በገንዘብም ቢሆን ያን አንሠራም አሉ፤ ትክክል ናቸው።

መብራቱ ሌላው ጉዳይ ነው። ቆጣሪ ላይ ማጥፋት አይበቃም፤ ከፖል እስከ ቆጣሪ ያለው ሽቦ እንደተሞላ ይቆያል። ኃይሉን ከፖሉ ማቋረጥና ሽቦውን ማውረድ የሚችለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ብቻ ስለሆነ ማመልከቻ አስገብተን ቀጠሮ እስኪደርስ ጠበቁ። ከሦስት ሜትር ባነሰ ርቀት ሽቦ እያለፈ አንወጣም ነው ያሉት። እርጥብ ቅርንጫፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ወጪው ሰውዬ የሚታሰርበት ማሰሪያም መጋዝ እንዳይበጥሰው ውስጡ የብረት ሽቦ ነው። ከወረዳው የዛፍ መቁረጫ ፈቃድ የሚወሰደውም ከዚህ በፊት ነው። ዛፉን ከነስንጥቁ ፎቶ አንስታችሁ ብታያይዙ ነገሩ ይቀላል። ጽድ፣ ወይራ ወይም ዝግባ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ይጠነክራል፣ ይገባልም።

ዋናው ጥበብ የታየው ሲያወርዱት ነው። አንዱ ላይ ይወጣል፣ አንዱ ገመድ ይይዛል፣ አንዱ የወረደውን ይጎትታል፣ አለቃው ምንም ሳይነኩ ቆመው ያያሉ። መጋዙ ሲጮህ ስለማይሰማ «ያዝ»፣ «ልቀቅ»፣ «ቁም» የሚባባሉት በእጅ ምልክት ነው። ላይ የሚወጣው ሰው በሁለት ነገር ታስሯል፤ አንደኛው በገመድ፣ ሁለተኛው በዚያ የብረት ማሰሪያ። አንዱን ወደ ላይ ሲያዛውር ሌላው ይዞታል፤ ሲቆርጥ ሁለቱም ታስረዋል።

ወፍራም ቅርንጫፍ በአንድ ቁርጥ አይወርድም። መጀመሪያ ከሥሩ አንድ ሦስተኛውን ይገዘግዛሉ፣ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብለው ከላይ ይቆርጡታል። ከላይ ብቻ ከተቆረጠ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ልጡንና እንጨቱን ይዞ እስከ ግንዱ ይሰነጥቃል፤ ሰውየው የታሰረው ደግሞ እዚያው ላይ ነው።

ከጣሪያው በላይ ያለው ሁሉ በገመድ ነው የወረደው። ከመቁረጫው በታች መዘውር ግንዱ ላይ ያስራሉ፣ ገመዱ በእሱ አልፎ ወደ ታች ይወርድና ሥሩ ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመጠማል። ክብደቱን የሚይዘው የጥምጥሙ ሰበቃ ነው፤ ሰውየው ጫፉን ብቻ ይቆጣጠራል። ገመዱን ወገቡ ወይም እጁ ላይ የሚጠመጥም ሠራተኛ ካያችሁ ሥራውን አስቁሙ። እርጥብ ባሕር ዛፍ ክብደቱ ከውሃ ጋር ይቀራረባል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋትና አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ጉማጅ 125 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ያ ጉማጅ ትንሽ ወርዶ በድንገት ሲያዝ ገመዱ ላይ የሚያርፈው ጉልበት የክብደቱ ብዙ እጥፍ ነው። ስለዚህ ወፈር ያለውን በግማሽ በግማሽ ሜትር ነው የቆረጡት፤ ገመድ ያዡም ጥቂት አስሮጦ ቀስ እያለ ነው የሚያቆመው። የተላላጠ የናይለን ገመድ ይዞ የመጣን ቡድን ደግሞ አለመቀበል ነው።

ግንዱ አምስት ሜትር ያህል ሲቀረው ወደ ግቢው ባዶ ቦታ ጣሉት። በሚወድቅበት በኩል የግንዱን ስፋት አንድ አራተኛ የማይሞላ የሽብልቅ ቅርጽ ቆርጠው አወጡ፤ ከኋላ ሲቆርጡ ሰባት ሳንቲ ሜትር ያህል እንጨት ሳይቆረጥ መሐል ላይ ተዉ። ያ ማጠፊያ ነው፤ ግንዱ ወዴት እንደሚወድቅ የሚወስነው እሱ ነው። ከተቆረጠ ዛፉ ወደፈለገው ይሄዳል። ከማዘንበያው ወደ ጎን ስለሚጣልም በእጅ በሚሠራ የብረት ገመድ መጎተቻ ከላይ አስረው ወጠሩት፣ ከኋላ የላስቲክ ሽብልቅ መቱበት። ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ የሚሰነጠቅ እንጨት ስለሆነ የተወጠረ ግንድ ከኋላ በዝግታ ከተቆረጠ ቁልቁል ተተርትሮ ቆራጩን ፊቱ ላይ ሊመታው ይችላል። ለዚህ መድኃኒታቸው መጋዙን ከማጠፊያው ኋላ ወግቶ ማሳለፍ፣ ከበስተኋላ እንደ ማሰሪያ የሚይዝ ቀጭን እንጨት ሳይቆርጡ መተውና እሱን በመጨረሻ መቁረጥ ነው። ሲወጉም በመጋዙ ጫፍ የታችኛው ማዕዘን ይጀምራሉ፤ በላይኛው ከጀመሩ መጋዙ ወደ ሰውየው ይፈናጠራል።

ስለ መሣሪያ አንድ ነገር እንጨምር። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ የመጋዙ ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ካልተስተካከለ ሞተሩ ነዳጅ አብዝቶ ይጨሳል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። የነሱ አይጨስም ነበር። ቅይጡም ለ5 ሊትር ቤንዚን 100 ሚሊ ሊትር የሁለት ምት ሞተር ዘይት ነው። ሰጋቱራው ፍርፋሪ ከሆነ ሰንሰለቱ ስለት አለው፣ ዱቄት ከሆነ ደንዟል ማለት ነው፤ ይህን ከበረንዳ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ጉቶውን አልነቀሉትም። የቤቱ መሠረት ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ስላለ መቆፈሩ ጉዳት ነው አሉ። በዙሪያው አፈሩን 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍረው ልጡን ከመሬት በታች ድረስ ላጡትና መልሰው ቀበሩት፤ ቡቃያ የሚወጣው ከዚያ ልጥ ሥር ነው። የሚያመልጠው ካለ ገና ለጋ ሳለ በእጅ ይገነጠላል። ናፍጣ ማፍሰስ አፈሩን ከመበከል ሌላ ጥቅም የለውም። ቤታችሁ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ከሆነ ደግሞ ዛፉ ይመጥ የነበረው ውሃ አፈር ውስጥ ስለሚቀር አፈሩ ሊያብጥ ይችላል፤ ለሁለት ክረምት የግድግዳውን ስንጥቅ ተከታተሉ፣ የጣሪያ ውሃውንም ከመሠረቱ አርቃችሁ አፍስሱ።

የማያስደስተው ዋጋቸው ነው፤ ደላላ ከሚያመጣቸው ቆራጮች ይወደዳሉ። ቅናሽ የሚያደርጉት ፍልጡን ከወሰዱ ነው፣ ስለዚህ እንጨቱ ለማን እንደሚቀር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ውሉ ላይ የጣሪያ ጉዳት፣ የሠራተኛ ጉዳት፣ ቅርንጫፉን ማን እንደሚያነሳ በጽሑፍ ይስፈር፤ ቀሪ ክፍያው ግቢው ከጸዳ በኋላ ይሁን። ሰጋቱራውን ግን አያነሱም፣ ለዶሮ ቤት ይሆናል ብለው ትተውት ሄደዋል። ሰኔ ከገባ በኋላ ልጡ ስለሚያዳልጥ ከወደቀ ወይም ሊወድቅ ከተቃረበ ዛፍ በስተቀር ሥራ አይቀበሉም፤ የምትፈልጓቸው ከሆነ ከግንቦት በፊት ደውሉላቸው።