መደራረብ ወይስ ቆርጦ መግጠም? የአያትና የልጅ ልጅ ፎቶ በአንድ ምስል

አዲስ አበባ የተነሳ የአያት ፎቶና ዋሽንግተን የተነሳ የልጅ ልጅ ፎቶ በፎቶሾፕ በሁለት መንገድ ይዋሃዳሉ።

መደራረብ ፈጣን ነው፦ የአያት ፎቶ በላይኛው ሌየር (የምስል ንብርብር) ይቀመጥና ብሌንድ ሞዱ፣ ማለትም ንብርብሮቹ የሚዋሃዱበት ስልት፣ የሚያፈካው ‹ስክሪን› ይደረጋል። ጣጣው ጠይም ፊት ላይ ነው። ስክሪን ጥቁሩን ስለሚያፈካ ቆዳው አመድማ ይሆናል፤ የሚያጨልመው ስልት ‹መልቲፕላይ› ደግሞ የዓይኑን ዙሪያ ያጨልመዋል። የላይኛውን ሌየር ኦፓሲቲ (ድፍንነት) ወደ 40 በመቶ አውርዶ ፊቱን በማስክ፣ ማለትም የሌየሩን ክፍል በሚሸፍን መከለያ፣ መከለል ያድነዋል።

ቆርጦ መግጠም ጊዜ ይበላል፤ እኛ ግን የምንመርጠው እሱን ነው። ለምሳሌ የአያትን ቀሚስ ጥለት ቆርጦ ከልጅ ልጅ ጂንስ ጃኬት ኮሌታ ላይ መግጠም ይቻላል። ትንሽ የወረቀት ፎቶ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ስካን ይደረግ፤ አለዚያ ሲጎላ ጥለቱ ይደበዝዛል። ብርሃኑም በሁለቱ ፎቶዎች ከአንድ አቅጣጫ ይምጣ። የመቁረጫው ጠርዝ ሆን ተብሎ ቢታይስ? ከተድበሰበሰው ይሻላል።