ዳዊት መድገም ወይስ ማርቆስን በየምዕራፉ ማንበብ?

ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ብርድ ማለዳ ከአልጋ አያስወርድም፤ ስለዚህ የጠዋት ጸሎት ሲታሰብ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ነው።

ጊዜ፦ ዳዊት በአሥር በአሥር መዝሙር ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል «ንጉሥ» ይባላል፤ አንዱን በዝግታ መድገም ለእኔ ከሩብ ሰዓት ያልፋል። የማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ በቀን አንድ ቢነበብ ሦስት ሳምንት አይሞላም።

ወጪ፦ ሁለቱም አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አሉ፤ ይታለፍ።

አደጋ፦ ዳዊት ሲለመድ አፍ ይሮጣል፣ ልብ ሰኞ ገበያ ይውላል። እኔ ራሴ በግእዙ ቁጥር 50ኛውን መዝሙር፣ «ማረኝ» የሚለውን፣ እየደገምሁ የሽንኩርት ዋጋ አስልቻለሁ። ቀስ ብሎ፣ ድምፅ አውጥቶ መድገም ትንሽ ይረዳል። ማርቆስ ደግሞ ታሪኩ ይስባል፤ አንባቢው «ቀጥሎስ?» ሲል ጸሎቱን ይረሳል። ከምዕራፉ አንድ ቁጥር መርጦ ወደ ልመና መለወጥ ነው መድኃኒቱ።

የሚስማማው፦ ላዘነና የጸሎት ቃል ላጠረው ዳዊት። ኮምቦልቻ ፋብሪካ በፈረቃ ለሚሠራ ማርቆስ ይቀላል፤ ሌሊት ቢገባም ካቆመበት ምዕራፍ ይቀጥላል። ክርስቶስ ምን እንዳደረገ ገና ለሚጠይቅ ወጣትም እንዲሁ።