ታፔላ የሌለው የደብረ ብርሃን ጋራዥና የሃይሉክሴ ፍሬን

እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ ባለ ናፍጣ ሞተር ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ አለኝ። ከደብረ ብርሃን ድንችና ገብስ ጭኜ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ፤ ስመለስ ሽንኩርት ወይም ማሾ እጭናለሁ። በመንገዱ ላይ ያለው የጣርማ በር ተራራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መንገድ ፍሬን የሚፈተነው ጭነት ይዞ ሲወረድ ነው። ጥቅምት ላይ የጣርማ በርን የመኪና ዋሻ አልፌ ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ፔዳሉ እየላላ ሄደና በመጨረሻ ወለሉን ነካ። የእጅ ፍሬኑን ብስበው ከቁም ነገር የሚቆጠር አልያዘልኝም፤ ያቆመኝ 2ኛ ማርሽና የመንገዱ ዳር ኮረት ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ እንደገና ብረግጠው ፔዳሉ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ጠንክሮ ጠበቀኝ።

በመጀመሪያ የወሰድኩት ጋራዥ፣ ስሙን አልጠቅስም፣ የፊት ሸራ ቀየረልኝ፤ የጎደለውን የፍሬን ዘይት ሞላና በአንድ ሰዓት ውስጥ ሸኘኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ቁልቁለት ፔዳሉ እንደገና ላላ። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚያ በኋላ የሄድኩበትን ሁለተኛውን ጋራዥ ነው። እርሱንም በስም ያልጠራሁት ታፔላ ስለሌለው ነው፤ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ገባ ብሎ ያለ የቆርቆሮ ግቢ ሲሆን፣ ባለቤቱ ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ ናቸው፤ ሁለት ወጣት ረዳቶችም አሏቸው።

ከሁሉ በፊት የወደድኩት መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት መጠየቃቸውን ነው። «ልጄ፣ የእጅ ፍሬኑ ስንት ጥርስ ላይ ነው የሚይዘው?» አሉኝ። እስከ ላይ ተስቦም እንደማይዝ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሞተሩን አስጠፍተው ፔዳሉን ደጋግሜ እንድረግጥ፣ በመጨረሻም ረግጬ ይዤ ሞተሩን እንዳስነሳ አዘዙኝ። ፔዳሉ ከእግሬ በታች ጥቂት ዝቅ አለ፤ ይህ ሰርቮው፣ ማለትም የእግርን ግፊት የሚያግዘው መሣሪያ፣ እንደሚሠራ ያሳያል። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ የራሱ መምጠጥ ስለሌለው ሰርቮውን የሚያግዘው ከዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ትንሽ ፓምፕ ነው። እግረ መንገዳቸውን እንዳስረዱኝም፣ ሰርቮ የሚገፋው በውጭው የአየር ግፊት ስለሆነና በእኛ ከፍታ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ከሩብ በላይ ስለሚያንስ፣ ደገኛው አሽከርካሪ ለዚያው ፍሬን ጠንከር አድርጎ መርገጥ ይኖርበታል። ቀጥሎ ፔዳሉን ረግጬ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንድይዘው አደረጉ። ቀስ እያለ ቢወርድ ኖሮ የፍሬን ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው የዋናው ፖምፓ ጎሚኒ እንዳለቀ ይጠረጠር ነበር፤ ግን አልወረደም። አዲስ ፖምፓ ያስገዙኛል ብዬ ፈርቼ ስለነበር እዚህ ላይ በረጅሙ ተነፈስኩ።

ከዚያ ጥቂት ነድተን ተመለስንና በጣሳ ውሃ አስመጡ። ጣታቸውን ነክረው በፊት ጎማው መሀል ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ ጢስ ብሎ ጠፋ። ከኋላ የጣሉት ጠብታ ግን በቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ እንደወደቀ ሁሉ ዝም ብሎ ወደ ታች ተንቆረቆረ። የኋላው ፍሬን ጭራሽ አይሠራም ነበር ማለት ነው፤ የእጅ ፍሬኑም የሚይዘው በእርሱ ነው። የኋላውን ሸራ የሚሸፍነው ታምቡር ሲፈታ ሸራው ገና ሙሉ ነው፤ ክፍተቱን የሚያጠበው ማስተካከያ ግን ዝጎ ደርቋል። ሌላ ሰው ቢሆን ሸራውን ጭምር ይሸጥልኝ ነበር፤ እርሳቸው ማስተካከያውን አጽድተው፣ ቀብተው፣ መልሰው ገጠሙት።

ትልቁ ግኝት ግን ከሥር ነበር። በዚህ ሃይሉክስ ላይ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ አንድ ቫልቭ አለ፤ መኪናው ተጭኖ ኋላው ዝቅ ሲል ለኋላ ጎማዎች የሚሄደውን የፍሬን ግፊት ይጨምራል፣ ባዶ ሲሆን ይቀንሳል። እኔ ደግሞ ከዓመት በፊት ብዙ ለመጫን ብዬ በየጎኑ አንድ አንድ ባሌስትራ፣ ማለትም ጭነት የሚሸከም የብረት ንጣፍ፣ አስጨምሬያለሁ። ስለዚህ ድንቹ ቢጫንም ኋላው ዝቅ አይልም፣ ቫልቩም መኪናው ባዶ ነው ብሎ ግፊቱን ይቀንሳል። «ጭነቱን ለጎማ እንጂ ለፍሬኑ አልነገርከውም» አሉኝ። የጭነቱ ሥራ ሁሉ በፊት ዲስክ ላይ ወድቆ ዲስኩ ይግላል፤ ሙቀቱም ወደ ዘይቱ ይሄዳል።

ዘይቱም የሚችለው አልነበረም። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ክዳን ሲከፈት ጉሽ ጠላ ይመስል ነበር። ክዳኑ ላይ የተጻፈው ዶት 3 የተባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ ባላነሰ ሙቀት ነው፤ ከአየሩ እርጥበት እየጠጣ ከቆየ በኋላ ግን ይህ ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ ባዶ ይገባል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይጠነክራል። የእኔ ግማሽ ሰዓት ምሥጢር ይኸው ነበር። በአሮጌው ላይ አዲስ መሙላት፣ የመጀመሪያው ጋራዥ እንዳደረገው፣ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ተቀየረ። አየር ሲያስወጡ ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው የኋላ ቀኝ ጎማ ጀምረው ወደ ፊት መጡ፤ በመጨረሻም ብዙዎች የሚረሱትን የቫልቩን የራሱን ማስወጫ ከፈቱ። የተጨመሩትን ባሌስትራዎች አስወጥተው ዘንጉን ወደ ነበረበት ልክ መለሱት። የግፊት መለኪያ ስለሌላቸው ቫልቩን ለተጨመረው ባሌስትራ ማስተካከል እንደማይደፍሩ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ዛሬ የምጭነው ከቀድሞው ያነሰ ነው፤ ከኪሴም ይታወቀኛል፤ ነገር ግን ትክክለኛው ምክር እርሱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የማማርረው ነገርም አለ። በአንድ ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ማረፊያ ቦታ ስለሌለ የደብረ ብርሃንን ብርድ ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው። ደረሰኝ ስጠይቅ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ 4,000 ብር የጉልበት ተብሎ ተጽፎ ተሰጠኝ፤ ወጪውን በሰነድ ማሳየት ለሚኖርበት ድርጅት ይህ አይሆንም። ዘይቱን ከጋራዡ ውጭ ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ክዳኑ ያልተከፈተ መሆኑን እርሳቸው ካላረጋገጡ አይጠቀሙም።

ሒሳብ ከመቀበላቸው በፊት ግን ድንቹን አስጭነው አብረውኝ እስከ ደብረ ሲና ወረዱ። በ2ኛ ማርሽ፣ ፔዳሉን አልፎ አልፎ ጠበቅ እያደረግሁ እየለቀቅሁ እንጂ ያለማቋረጥ እንዳልረግጥ እየነገሩኝ ደረስን። እንደቆምን ወርደው የውሃ ጠብታቸውን በአራቱም ጎማዎች ላይ ጣሉ፤ በዚህ ጊዜ ከኋላም ጢስ አለ።