ለማርስ ኢንተርኔት፦ ቲሲፒ ወይስ ዲቲኤን?
ከደሴ ኮምቦልቻ ላለችው እህቴ ስደውል መጀመሪያ «ሃሎ፣ ይሰማል?» እላለሁ። መልስ ካገኘሁ ወሬው ይቀጥላል። የምድር ኢንተርኔት የሚሠራበት የመረጃ መላላኪያ ደንብ፣ ቲሲፒም፣ እንዲሁ ነው። ሁለቱ ወገኖች ሳይገናኙ መረጃ አይላክም። የጠፋውን የሚደግመው ላኪው ነው። ለእኛ ግሩም ነው።

ወደ ማርስ ግን ምልክቱ በብርሃን ፍጥነት ተጉዞም ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጅበታል። 20 ደቂቃ ብንል፣ «ሃሎ» ተብሎ መልስ እስኪመጣ 40 ደቂቃ አለቀ! ፕላኔቷ ስትዞር ደግሞ መስመሩ ይቋረጣል።

ዲቲኤን፣ ማለትም መዘግየትንና መቋረጥን የሚችለው የመላላኪያ ዘዴ፣ መናኸሪያ ሄዶ ለሾፌር ዕቃ እንደ መስጠት ነው። ሐረጎ ላይ መንገድ ቢዘጋ ዕቃው ወደ ደሴ አይመለስም፤ እዚያው ቆይቶ መንገዱ ሲከፈት ይቀጥላል። በዲቲኤንም እያንዳንዱ ጣቢያ መልእክቱን ይዞ ይጠብቃል፤ ቀጣዩ መስመር ሲገኝ ያሳልፋል። የሐሳቡ ጠንሳሾች፣ በ1998 እ.ኤ.አ.፣ ቪንት ሰርፍና የናሳ ባለሙያዎች ናቸው። ሰርፍ ከቲሲፒ ፈጣሪዎችም አንዱ ነው፤ ይህ በጣም ደስ ይለኛል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ይጠቀምበታል።

በየጣቢያው ማከማቻ መፈለጉ አንድ ወጪ ነው። ቢሆንም ለማርስ ምርጫዬ ዲቲኤን ነው።